ጸበል ጸዲቅ እምቢ አይባልም

ባለፈው ጥቅምት ለዘመድ ሰርግ ሐረር ሄጄ ሸዋ በር ላይ ከሚኒባስ ስወርድ፣ አንዲት ሴትዮ በሳፋ የሞላ ዘይቱና ይዛ መንገድ ዳር ተቀምጣለች። ውጭው ቢጫ ውስጡ ሮዝ የሆነው፣ አንድ ፍሬ ብቻ ከበሰለ ቤቱን በሙሉ የሚያውደው ዓይነት ነው። ሻንጣዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆምኩ። ሴትዮዋ "ልመዝንልሽ?" ስትለኝ አፍንጫዬ እኔን ቀድሞ ፈላና በር ደርሶ ነበር። እዚያ አንድ ቀለሙ የተላላጠ አረንጓዴ በር ፊት ለፊት፣ አበባ የተሳለበት ሰሃን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ስምንት ዓመቴ ነው።

ያን ዓመት አባቴ ለሥራ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። እናቴም አራስ ስለነበረች፣ ቤት እስኪደላደል ድረስ ብለው ከመስከረም ጀምሮ እኔን ታላቅ እህቱ ዘንድ ተዉኝ። ስሟ አስካለ ነው፤ እኛ እታለም ነበር የምንላት። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ፈላና በር አጠገብ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም የምትሸጥባት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚጠብቅባት ሱቅ ነበረቻት። እዚያ ሱቅ ውስጥ ስውል ማታ ፀጉሬ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸት ነበር።

እታለም ስትሰጥ እጇ ፈጣን ነው። ሽሮ ስትሰፍር ሰፍራ ስታበቃ አንድ እፍኝ ትጨምራለች፤ "ይቺ የማርያም ናት" ትላለች። መቀበል ላይ ግን ሌላ ሰው ነበረች። ጎረቤት አንድ ነገር ሸፍኖ ከመጣ "ኧረ እኛ ቤት ሞልቷል፤ ለተቸገረ ስጪው" ብላ በመጣበት ትመልሰዋለች። የእኔ እጅ ከላይ መሆን ነው የለመደው ትል ነበር። የምትናገረው አንገቷን ደፍታ ስለነበር፣ እኔ ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

የእኔ ሥራ ሰሃን ማድረስ ነበር። ወር በገባ በአንድ ልደታ ነው፣ በአምስት አቦ ነው፣ በሰባት ሥላሴ። ከዚያ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም። በእነዚህ ቀናት እታለም ዝክር አለብኝ ትልና ዳቦ ወይም እንጀራ በምስር ወጥ፣ አንዳንዴ ንፍሮ፣ በዚያ አበባ ባለው ሰሃን አድርጋ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ትሰጠኛለች። የምሄደውም ወደ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ወደ ቲቸር ደምሴ።

ቲቸር ደምሴ ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጎጃም ለማስተማር ተመድበው መጥተው፣ ሐረር አላስወጣ ብላቸው የቀሩ ናቸው። የከተማው ግማሽ ስለ ዓባይና ስለ ዋቢ ሸበሌ የሚያውቀውን የተማረው ከሳቸው ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በአንድ የኪራይ ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጥቁር ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። እኩለ ቀን ሲሆን ምሳ የተጋበዙ መስለው ይወጡና በጀጎል ግንብ ሥር ከፈላና በር እስከ ኤረር በር ድረስ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ከንፈራቸው ላይ ስቴኪኒ አለ። ሰው "ምሳ አብረን እንብላ" ካላቸው ስቴኪኒውን አውጥተው "አሁን በልቼ መምጣቴ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። እኔ ጥርሱን በስቴኪኒ የሚጎረጉር ሰው ሥጋ የሚበላ ሰው ብቻ ስለሚመስለኝ፣ ከእሳቸው የበለጠ ሀብታም አላውቅም ነበር።

ሰሃኑን ይዤ ስደርስ በመጀመሪያ የኮታቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ ከዚያ በሩን ይከፍታሉ። እኔ ያጠናሁትን እላለሁ፤ "ዛሬ የገብርኤል ዝክር ነው፤ ጸበል ጸዲቅ ቅመሱልኝ ብላለች እታለም።" በሁለት እጃቸው ተቀብለው "ዝክሯን ይቀበልላት፤ ከዓመት ዓመት ያድርሳት" ብለው ይመርቃሉ። ጸበል ጸዲቅ እምቢ አይባልም። ቅዱሱን እንደ መግፋት ነው፤ ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ሰሃኑንም ባዶውን መልሰው አያውቁም። ከግቢያቸው ዛፍ ሦስት አራት ዘይቱና ለቅመው ይጨምሩበታል። እታለም አንዱንም አትነካም፣ "ያንቺ ነው" ትለኛለች። ያን መኸር የበላሁትን ዘይቱና አሁን ሳስበው ሆዴ እንዴት እንደቻለው ይገርመኛል።

በወር ዘጠኝ ዐሥር ጊዜ የሚዘክር ቤት ሀብታም ካልሆነ ማን ሀብታም ሊሆን ነው? በዚህ ምክንያት አንድ እሑድ ቄሱ ስለ ባለጸጎችና ስለ ግመል፣ ስለ መርፌ ቀዳዳም ሲያስተምሩ ስሰማ ክፉኛ ደነገጥኩ። ነገሩ እኛን የሚመለከት ነው። ሐረር ለሚያድግ ልጅ ግመልም በርም ሩቅ ነገር ስላልሆነ፣ የመርፌ ቀዳዳ የሚባለው ከጀጎል በሮች አንዱ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ጠባብ መስሎ የታየኝ ኤረር በር ነው። ቅዳሜ ለእታለም ሳልነግር ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ግመል ጠበቅኩ። ፀሐይ አናቴ ላይ ከወጣች በኋላ እንጨት የተጫነ አንድ ግመል መጣ። ባለቤቱ በሩ ጋ አንበርክኮት እንጨቱን አራገፈ፤ ከዚያ እየጎተተ አስገባው። ግመሉ ምንም ሳይነካው አለፈ።

በደስታ እየሮጥኩ ለቲቸር ደምሴ ነገርኳቸው። ከሰዓት በኋላ ዘይቱናው ሥር የእጅ ጽሑፍና ካርታ ያስተምሩኝ ነበር፤ ክፍያ አይቀበሉም። ሲስቁ አይቻቸው የማላውቀውን ያህል ሳቁ።

"ጭነቱን እንዳራገፈ ልብ ብለሻል?" አሉኝ።

ብያለሁ አልኳቸው። ጭነት ደግሞ የሚገዛው ሰው ስላለ ነው የሚራገፈው ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እሳቸው ግን ወደ ደብተሬ ተመልሰው "ደ"ን እግሯን አታሳጥሪያት አሉኝ።

ሀብታችን ያለቀው በኅዳር ነው። ዐሥራ አንድ ቀን ነበር፣ አርብ፣ የሚካኤል ዋዜማ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ የበርበሬ ከረጢቶች ላይ ያረፈ አቧራ እየጠረግሁ ሳለ አባይ ዘይነባ መጣች። አባይ ማለት ሐረሪዎች ታላቅ እህትን የሚጠሩበት ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲሁ ነበር የሚላት። የእታለም ወዳጅ ናት፣ ከቲቸር ደምሴ ጋር ግድግዳ ተጋርታ የምትኖር። ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ይዛ ከረጢት ላይ ተቀመጠችና "ይቺን ነገ ከሚካኤሉ ጋር አድርጊልኝ" አለቻት።

"አንቺ ሴት፣ የጁምዓ ሰደቃሽን በሚካኤል ስም ልስጥልሽ?"

"ሚካኢልን እኛም እናውቀዋለን። የሰጠሁትን አላህ ካወቀው ይበቃል፤ ሰውየው ምን ያደርግለታል? ወላሂ አስካለ፣ ከሥላሴ ወዲህ ከዚያ ቤት ጭስ አልወጣም። ከሰባት ወዲህ ምን በላ?"

እታለም፣ ምን ላድርግ፣ ስምንትን፣ ዘጠኝን፣ ዐሥርን ማንን ልበል፣ አለቻት። የወሩን ቅዱስ በሙሉ ከያዝኩ ይነቃብኛል፤ ከነቃ ደግሞ በሩን ዳግመኛ አይከፍትልኝም።

"ለማኝ አፍ አለው፣ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ስለ ማርያም ይላል" አለች እታለም። "እኔን የሚያስፈራኝ አፍ የሌለው ድሃ ነው።"

ጓዳ ቁጭ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። ሀብታም አልነበርንም። ዝክር የነበረን ማርያም ብቻ ነበረች፤ ሌሎቹ ለአንድ ሰው ምሳ የተጠሩ ናቸው። ቲቸር ደምሴም ሀብታም አልነበሩም። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ከሰባት እስከ ዐሥራ ሁለት ያለው ባዶ ቀን ነው። እንዴት አራት ቀን ሙሉ የሚያበላ ቅዱስ ይጠፋል ብዬ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም።

በታኅሣሥ ወር፣ ከእነዚያ ባዶ ቀናት በአንዱ፣ ሰዓቴ ሳይደርስ ለትምህርት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቲቸር ደምሴ ጠረጴዛቸው ላይ ጨርቅ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጨርቁ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ አለ። አማተቡ፣ ውሃውን ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ጠጡ፣ አፋቸውን በመሀረብ ጠረጉ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ስቴኪኒ አውጥተው ከንፈራቸው ላይ አደረጉና ኮታቸውን ሊለብሱ ተነሡ። እኔ ዘይቱናው ጀርባ ተደበቅኩ። አጠገቤ አልፈው ወደ ግንቡ ሄዱ። ያየሁትን ለእታለም አልነገርኳትም።

ለገና ሰባት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ነግደው የከበሩ አንድ የከተማው ተወላጅ ለችግረኞች ዘይትና ዱቄት ሊያድሉ ነው ተባለ። ደብራችን ኮሚቴ አቋቋመ፤ የሰፈሩን ቤት ሁሉ ስለምታውቅ እታለምም ገባችበት። መጻፍ እምብዛም ስለማትችል እሷ ስም ትነግረኛለች፣ እኔ በጥሩ እጄ እጽፋለሁ። ልትጨርስ ስትል ደንበኛ ጠራት። ወረቀቱ ላይ አንድ ባዶ መስመር ቀርቷል። ዘይትና ዱቄት ቅዱስ አይጠብቅም፣ ከሰባት እስከ ዐሥራ ሁለት ያለውንም ቀን ያደርሳል። "ደ"ን እግሯን ሳላሳጥር "ደምሴ አያሌው" ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ አያውቅም።

እደላው በመድኃኔዓለም ዕለት ነበር፣ ታኅሣሥ ሃያ ሰባት፣ ከቅዳሴ በኋላ። ግቢው ሞልቷል። የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰውዬ ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ ባለሀብቱን ዙሪያ ዙሪያቸውን ይዞራል። ማይክራፎን ተተክሏል። ስም ማን ያንብብ ሲባል፣ ቀድሞ ተማሪያቸው የነበረ የኮሚቴ አባል "ቲቸር እያሉ ሌላ ማን ያነባል፣ ድምፃቸው መረዋ ነው" አለ። ሰው አጨበጨበ። ቲቸር ደምሴ በዚያ በጥቁር ኮታቸው ወጥተው መነጽራቸውን አጠለቁ።

ያኔ ነው የገባኝ። የእታለምን ነጠላ ጎትቼ ልነግራት ስል ማንበብ ጀምረዋል። ያነበቡት እንደ ክፍል ስም ጥሪ ነው፤ ስም ይጠሩና በመነጽራቸው አናት ላይ ቀና ብለው ይጠብቃሉ። አሮጊቶቹ እንደ ተማሪ "አቤት" እያሉ ይወጣሉ፤ ሰው ይስቃል፤ ደስ የሚል ነገር ነበር። አንዱ ወረቀት አልቆ ሁለተኛው ተገለጠ። የእኔ ጽሑፍ ነው። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እኔ ትንፋሼን ያዝኩ።

መጨረሻው መስመር ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው በመሀረብ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። መዝለል ይችሉ ነበር፤ ከሳቸውና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። እባክዎ ይዝለሉት ብዬ በልቤ ለመንኩ።

"ደምሴ አያሌው" አሉ በዚያው ድምፅ።

እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው ጠበቁ። ከዚያ ማይክራፎኑን በእጃቸው ገለል አድርገው "አቤት" አሉ።

ወርደው ተሰለፉ። ካሜራው ተከተላቸው። ዘይቱን በአንድ እጃቸው ያዙ፣ የዱቄቱን ከረጢት ትከሻቸው ላይ አወጡ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሊያግዟቸው ሮጡ፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ብቻቸውን ወጡ። ከረጢቱ በየት በኩል እንደተቀደደ እንጃ፣ ጥቁር ኮታቸው ጀርባ ላይ ዱቄቱ ነጭ መስመር አስምሮ ነበር። እታለም ወደ እኔ ዞረች። አልመታችኝም፣ አልጮኸችም። "ምን አደረግሽ?" ብቻ አለችኝ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

የገና ዕለት ሰሃኑን ይዤ ሄድኩ። አረንጓዴው በር ተዘግቷል። አንኳኳሁ፣ ስሜን ተናገርኩ። ውስጥ ሲያስሉ እሰማለሁ፣ ግን አልከፈቱም። ዘይቱናው ከዛፉ ረግፎ መሬት ላይ ይሸታል፣ የሚለቅመው የለም። ሰሃኑ እንደተቋጠረ ተመለሰ። ጥር አምስት፣ በአቦ፣ እንደገና ሄድኩ፤ እንደገና ተመለሰ። እታለም የተመለሰውን ምግብ ከፊቷ አስቀምጣ ብዙ ጊዜ አየችው። ለአባይ ዘይነባ ስትናገር የሰማሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም አለች። እኔ ነኝ እንጂ፣ ሰውየው አንድም ቀን አንድ ነገር ልስጥሽ ቢለኝ እጄን ዘርግቼ የምቀበለው አልነበርኩም፤ ዘይቱናውን እንኳ አልቀመስኩለትም። አባይ ዘይነባ ያን ቀን ነጠላዋን አስተካክላ ቶሎ ሄደች። የሆነ ነገር የምትደብቅ ትመስል ነበር።

ጥር ሰባት ሥላሴ ነው። ጠዋት እታለም ሰሃን አላወጣችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሱቁን ልትከፍት ነጠላዋን ስታደርግ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍት ቲቸር ደምሴ ቆመዋል። ኮታቸው ታጥቧል፣ ተተኩሷል። በሁለት እጃቸው በኮባ የተጋገረ ትልቅ ድፎ ዳቦ ይዘዋል፣ ገና ይተናል።

"ወይዘሮ አስካለ፣ ዛሬ ሥላሴ ነው" አሉ። "ዝክር አውጥቻለሁ። ዱቄቱን አባይ ዘይነባ ናት የጋገረችልኝ። ግንቡ ሥር ላሉት ነዳያን አድርሼ መጣሁ፤ ይህ የእርስዎ ነው። ጸበል ጸዲቅ ይቅመሱልኝ።"

እታለም ከልማዷ "ኧረ እኛ ቤት" ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። ቲቸር ደምሴ እንደ ስም ጥሪው ቀና ብለው ጠበቋት። እኔ በሩን ይዤ ቆሜ፣ ተቀበይ፣ ተቀበይ እላለሁ በልቤ። እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች፤ ንጹሕ ነበሩ፣ ግን ጠረገቻቸው። ከዚያ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ዳቦውን ተሳለመችው።

"ከዓመት ዓመት ያድርስዎት፣ መምህር" አለች።

"አሜን። የእርስዎን ያህል ግን አልችልም። እኔ ያለኝ ዝክር አንድ ብቻ ነው።"

እታለም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀችም ነበር። ከስንተኛው ቅዱስ ጀምሮ እንዳወቁ አልጠየቀቻቸውም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። ግቡ አለቻቸው። በእነዚያ ሁሉ ወራት ቤታችን ገብተው አያውቁም ነበር፤ ጠርታቸውም አታውቅም። ምግብ ስትልክላቸው እንጂ አብራቸው ስትቀመጥ አላየሁም።

እኔ በሩ ጋ ተገትሬ ቀረሁ። ሲያልፉ ቆም ብለው ዝቅ አሉልኝ።

"ደምሴን ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው" አሉኝ። "'ደ'ን እግሯን አላሳጠርሻትም። ብቻ ሌላ ጊዜ ሰውን ከመጻፍሽ በፊት ጠይቂው።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ዳቦውን እሳቸው ቆረሱ፤ ዝክሩ የሳቸው ስለሆነ መቁረሱም የሳቸው ነው። እታለም ሽሮ አቀረበች። ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን። ቲቸር ደምሴ ሲበሉ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ቀስ ብለው፣ ግን ሳያቋርጡ ይበላሉ። እታለም ደግሞ የሰው ዳቦ ስትበላ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁለቱም እንግዳ ሰው ቤት እንደገቡ ልጆች ዓይናቸውን ትሪው ላይ ጥለው ነበር።

ሲጨርሱ እሳቸው እግዜር ይስጥልኝ ብለው ከደረት ኪሳቸው ስቴኪኒ አወጡ። አንዱን ለራሳቸው ያዙ፣ ትንሽ አሰቡና ሌላ አንድ መዝዘው ለእታለም ዘረጉላት። እታለም በዕድሜዋ ስቴኪኒ ይዛ አታውቅም። በሁለት እጇ ተቀበለች።